«ሰው እንዳይታዘበኝ» ላለችው የመርሐቤቴ ልጅ

«ይድረስ ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤ እኔ የ27 ዓመት ወጣት ስሆን በዓለም ከተማ በነርስነት አገለግላለሁ። በጀርመን አገር፣ በሙኒክ አጠገብ፣ ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ ተፈቅዶልኝ በጥር ወር ብቻዬን ልሄድ ነው። እስከ ዛሬ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም። የምፈራው አውሮፕላኑን አይደለም፤ ስደናገር አይቶ ሰው እንዳይታዘበኝ ነው። እናቴም ‹የአገራችን ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ እንኳ ሄደው በሰው አገር ነው የሞቱት› እያለች ታለቅሳለች። ምን ይመክሩኛል? — የመርሐቤቴዋ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ፣ ከእናትሽ እንባ ይልቅ ያሳሰበኝ «ሰው እንዳይታዘበኝ» ያልሽው ቃል ነው፤ በእኛ በሸዋ ደጋ ልጆች ዘንድ ይሉኝታ ከጨዋነት ተቆጥሮ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ስለ ሆነ፣ በአገር ቤት ሳለን ያስከብረናል፣ በባዕድ አገር ግን አንደበታችንን ዘግቶ ለጉዳት አሳልፎ ይሰጠናል።

እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ባሕር የተሻገርሁ ዕለት፣ በመካከለኛው ማረፊያ ሁለተኛውን አውሮፕላን ስጠብቅ፣ በወረቀቴ ላይ የተጻፈውን የበር ቁጥር ፈልጌ አገኘሁና ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከፊቱ ተቀመጥሁ። በዙሪያዬ የነበሩት መንገደኞች አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ፤ ጥቂት ቆይቶም ሌሎች መጥተው በወንበራቸው ተቀመጡ። አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ልቤ ነግሮኝ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ የቆመችውን የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ልጠይቅ ብድግ አልሁና፣ እንግሊዝኛዬ ቢሰበርብኝስ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ። በሩ ተለውጦ ኖሮ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ፤ ያችን ሌሊት በብረት ወንበር ላይ አነጋሁ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ትርጓሜው የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

አንቺ ደግሞ ይህን ከእኔ ይልቅ ልታውቂው የሚገባሽ ነሽ። አንድ ገበሬ የታመመ ልጁን አዝሎ ከጀማ ቆላ ዳገቱን ወጥቶ ሲመጣ፣ የካርድ ክፍሉ ወዴት እንደ ሆነ ቢጠይቅሽ ትንቂዋለሽን? እንደማትንቂው አውቃለሁ። ይልቁንም የምታዝኚለት፣ ለመጠየቅ አፍሮ ባልተገባው ሰልፍ ላይ ቆሞ ውሎ፣ ሰዓቱ ባለፈ ጊዜ ልጁን እንዳዘለ ለሚመለሰው ነው። እንግዲያስ በባዕድ አገር ደጅ ስትቆሚ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለውም ሰው እንደ አንቺ ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ የሚውል፣ አንቺንም ከመለሰሽ በኋላ መልክሽን እንኳ የማያስታውስ ሠራተኛ ነው። በድንበር የሚቆመው ፖሊስም ለምን እንደ መጣሽ፣ የት እንደምታርፊ፣ መቼ እንደምትመለሺ ቢጠይቅሽ በሁሉ ላይ የሚፈጸም ሥርዓት ነውና እንደ ንቀት አትቁጠሪው፤ የጥሪ ደብዳቤሽን በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅሽ ያዢ።

ቲኬትሽን አሁኑኑ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆነሽ መርምሪው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚነሡት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሌሊት ናቸው፤ ቲኬቱ ለምሳሌ በፈረንጅ አቆጣጠር 20ኛው ቀን፣ 00፡40 የሚል ቢሆን፣ ይህ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ስለ ሆነ፣ ቦሌ መገኘት ያለብሽ በ19ኛው ቀን ምሽት ነው። «ጉዞዬ በ20 ነው» ብላ በማግስቱ ማታ በሽኝት ታጅባ የምትመጣ ልጅ የምታገኘው የሄደ አውሮፕላን ነው።

ስለ ስንቅሽም ልንገርሽ። እናትሽ ቅቤ አንጥራ፣ ቋንጣ ጠቅልላ እንደምታስይዝሽ አልጠራጠርም፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን መንገደኛ ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ የእናት እጅ ያነጠረው ቅቤ በጉምሩክ ደጅ ሲጣል ከማየት፣ ምክንያቱን ቀድመሽ አስረድተሻት የመንዝ ገብስ በሶና ሽሮ ብታዘጋጅልሽ ይሻላል። የማታውቂው ሰው «ለዘመዴ አድርሺልኝ» ብሎ የሚሰጥሽን የታሸገ ዕቃ፣ በማርያም ስም ቢለምንሽም አትቀበዪ። ሁለቱ ወር ከዐቢይ ጾም ጋር ያገናኝሻልና፣ ስለ ጾማችን ሥርዓት ረጅም ሐተታ ማቅረብ ሳያስፈልግሽ «ቬጋን» የምትለዋን አንዲት ቃል ብትናገሪ፣ ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም እንደማትበዪ ወዲያው ይረዱሻል። እሑድ ሱቆች ይዘጋሉና የእሑዱን እንጀራሽን ቅዳሜ ግዢ።

በባቡር ስትሳፈሪ አጠገብሽ ያለችው ሴት ሰላም ሳትልሽ መጽሐፏን ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ትል ይሆናል። በመንዝና በመርሐቤቴ መንገድ ሰውን ሰላም ሳይሉ ማለፍ የጠብ ምልክት ስለ ሆነ፣ በዚያች ዝምታ ልብሽ ይሰበር ይሆናል፤ ነገር ግን ያችኑ ሴት «ይህ ባቡር ወዴት ይሄዳል?» ብትያት መጽሐፏን አጥፋ፣ ካርታ አውጥታ ታስረዳሻለች። ከዚህም በላይ፣ በዚያው በሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርሽቴተን የተባለች ከተማ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የዓለም ከተማ እኅት ሆና የኖረች ናትና፣ የአገርሽን ስም የሚያውቁ ሰዎች በቅርብሽ አሉ፤ ፈልጊያቸው።

እናትሽ ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የተናገረችው እውነት ነው፤ ሆኖም የታሪኩ እኩሌታ ነው። ከመርሐቤቴ የተገኙት እኒያ ሊቅ በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ደርሰው ተመልሰዋል፤ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ ተጉዘው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍም በእኔ አስተያየት አፉን ዘግቶ ከተቀመጠ መንገደኛ አይገኝም። በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ያረፉት የፋሽስት ወረራ ካገራቸው አፈናቅሏቸው በስደት ሳሉ ነው። ይህን ለእናትሽ ቁጭ ብለሽ አጫውቻት፤ ሄዶ መመለስ እርሳቸው ለተወለዱባት አገር ሰው የተለመደ መሆኑን ትስማ። የምታርፊበትን ቤት አድራሻና የመመለሻሽን ቀን በአማርኛ፣ በእኛው አቆጣጠር ጽፈሽ፣ ማንበብ ባትችል እንኳ በእጇ አስይዣት፤ ምርቃቷንም ሳትቀበዪ ከቤት አትውጪ።

ስትደውዪላት ግን በጥር ወር ጀርመን ከእኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀር አስቢ። ራትሽን በልተሽ፣ ዕቃሽን አጥበሽ በዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ብትደውዪ፣ በዓለም ከተማ 5 ሰዓት ሆኖ እናትሽ ተኝታለች፤ በሌሊት የሚጮኽ ስልክም መርዶ መስሏት ትደነግጣለች። ስለዚህ ከሥራ እንደ ወጣሽ፣ ካፖርትሽን እንኳ ሳታወልቂ፣ ቀድመሽ ለእርሷ ደውዪ።