ያለ ሰዓቱ የሚጠፋ ኮምፒዩተር፦ የሚመላለስ ብልሽትን በሳይንሳዊ ዘዴ መመርመር

ጨርሶ አልነሣ ያለ ኮምፒዩተር ባለቤቱን ቢያበሳጭም መርማሪውን ብዙ አያስቸግርም። ብልሽቱ ዘወትር ስለሚታይ የተጠረጠረውን ክፍል በሌላ ለውጦ ውጤቱን ወዲያውኑ ማየት ይቻላል። አስቸጋሪው ሦስት ቀን በሰላም ሠርቶ በአራተኛው ቀን፣ ያውም ጽሑፉ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ሲቀረው፣ ድርግም የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ጥገና ቤት ሲወሰድ ጤነኛ ሆኖ ይውላል፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ሕመሙ ያገረሽበታል።

በዚህ ጽሑፍ ዕድሜው የገፋ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በየጊዜው በድንገት ሲጠፋ፣ ራሱን ሲያስነሣ ወይም ሲደርቅ መንሥኤው በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ እናያለን። ለማብራሪያ የምንጠቀመው በምንሠራበት ቤተ ሙከራ ያጋጠመንን ሁኔታ ነው። ኮምፒዩተሩ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሲሆን፣ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ ከወንዝ የለካቻቸውን የውኃ ሙቀት መጠኖች የምትመዘግብበት ነበር። መጥፋት ሲጀምር እኛም እንደ ብዙዎች በመጀመሪያ ያደረግነው ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጠን ፎርማት ማድረግ ነበር። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ ችግሩ ተመልሶ መጣ። ቤተ ሙከራ ውስጥ መሆናችንን ያስታወስነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መረጃን ማዳን

ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉ ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ አለባቸው። መንሥኤው ሃርድ ዲስኩ ከሆነ እያንዳንዱ ማስነሣት የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና። በተጨማሪም አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ላይ መጻፍ አይገባም፤ ቀን እየጻፉ ለየብቻ ማስቀመጥ ይበጃል። አዲሱ ፋይል ሳይታወቅ ተበላሽቶ ከሆነ ደኅናውን ይዞት እንዳይጠፋ ነው። ይህ ትንሽ ልማድ ምን ያህል እንደጠቀመን ወደ መጨረሻው እንገልጻለን።

መዝገብ መያዝ

«በድንገት» ማለት «ያለ ምክንያት» ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ስለሆነም በኮምፒዩተሩ አጠገብ አንድ ደብተር አኑረን፣ በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከበራ ምን ያህል እንደቆየ፣ ምን እየተሠራበት እንደነበር፣ መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ እንደሆነና በስክሪኑ ላይ የታየውን ሁሉ መጻፍ ጀመርን።

የአጠፋፉ ዓይነት ራሱ ብዙ ይናገራል። ሶኬቱ እንደተነቀለ ያህል በቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬያችን በቅድሚያ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይልና ወደ ሙቀት ያመራል። የስሕተት መልእክት የያዘ ሰማያዊ ገጽ ከታየ ራም፣ ድራይቨር ወይም ሃርድ ዲስክ ይጠረጠራል። ዊንዶውስ ሰማያዊውን ገጽ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አሳይቶ ራሱን ስለሚያስነሣ፣ ይህን ልማዱን በሲስተም ቅንብሩ ውስጥ ማገድና መልእክቱን መቅዳት ያስፈልጋል። ኢቬንት ቪወር የተባለው መዝገብም ሊነበብ ይገባል። ይሁን እንጂ በዚያ የሚገኘው «ከርነል ፓወር 41» የተሰኘ ማስታወሻ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት አለመዘጋቱን ብቻ እንጂ ለምን እንደጠፋ አይገልጽም።

በ27 ቀናት ውስጥ 9 መቋረጦችን መዘገብን፤ ይህም በአማካይ በየ3 ቀኑ አንድ ጊዜ ማለት ነው። አንዱም ከመብራት መቆራረጥ ጋር አልገጠመም። አራቱ ከባድ ሥራ እየተሠራ፣ አምስቱ ደግሞ ቀላል ጽሑፍ እየተጻፈ ሳለ የደረሱ ነበሩ። የሰማያዊው ገጽ መልእክትም በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር።

ዋና ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በዓመታት ብዛት የፕሮሰሰሩ ማራገቢያና የብረት ማቀዝቀዣው በአቧራ ይደፈናሉ፤ በፕሮሰሰሩና በብረት ማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ይደርቃል። ፕሮሰሰሩ ሲግል በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስም ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ኮምፒዩተሩን ያጠፋል። እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በመሆኑም አንድ ማራገቢያ በእያንዳንዱ ዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠነ ቁስ ያነሰ ነው። የአየሩ ቀዝቃዛነት ይህን በከፊል ቢያካክሰውም፣ አቧራ የደፈነው ማቀዝቀዣ በደጋ አገር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ሁለተኛው የኃይል አቅርቦት ነው። ፓወር ሰፕላዩ የግድግዳውን 220 ቮልት ተቀብሎ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አድርጎ ያከፋፍላል። ለእነዚህ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች 5 በመቶ ስለሆነ፣ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ መሆን የለበትም። ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ እያለ በዲስክ ማገናኛው ቢጫና ጥቁር ሽቦዎች መካከል በመልቲሜትር መለካት ይቻላል። በፓወር ሰፕላዩና በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በሙቀት ብዛት እየደረቁ ይሄዳሉ፤ በተለመደው ግምት የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። በማዘርቦርዱ ላይ ጫፉ ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያንጠባጠበ ካፓሲተር ከታየ ብልሽቱ በዓይን ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን መክፈት ክልክል መሆኑን እናሳስባለን፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ቻርጅ ሊቆይ ይችላል።

ሦስተኛው ራም ነው። ራም እያንዳንዱን ቢት በእጅግ ደቃቅ ካፓሲተር ውስጥ የሚያኖር ሲሆን፣ ቻርጁ ስለሚፈስ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ መታደስ አለበት። ከካፓሲተሮቹ አንዱ ቻርጁን መያዝ ሲያቅተው 1 የነበረው ቢት 0 ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢንቴል ተመራማሪዎች የሆኑት ቲሞቲ ሜይ እና መሪ ዉድስ ከቺፑ ማሸጊያ የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች ቢቶችን ሊገለብጡ እንደሚችሉ አሳይተው ነበር። ይህ ዓይነቱ ስሕተት አላፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በበርካታ ሰርቨሮች ላይ ያደረጉት ጥናት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት የራም ካርዶች ስሕተት እንዳሳዩና አብዛኛውም ከአላፊ ክስተት ይልቅ ከቺፑ ጉዳት የመነጨ እንደሚመስል አመልክቷል። ሰርቨሮች ስሕተትን አርሞ የሚያልፍ ራም ሲኖራቸው፣ የተለመዱት የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ይህ ጥበቃ የላቸውም።

አራተኛውና አምስተኛው ሃርድ ዲስክና ሶፍትዌር ናቸው። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘው መዝገብ፣ በተለይም በሌላ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ መሄድ፣ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ሶፍትዌርን ከሃርድዌር ለመለየት ደግሞ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ መሥራት ቀላሉ መንገድ ነው፤ መቋረጡ እዚያም ከቀጠለ ቫይረስንና የዊንዶውስ ድራይቨርን ከጥርጣሬ ማውጣት ይቻላል።

አንድ ጊዜ አንድ ለውጥ

በችኮላ የሚደረገው ጥገና ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይለውጣል። ኮምፒዩተሩ ቢሻለው እንኳ ፈውሱ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለውጠን፣ ውጤቱን መዝግበን፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይኖርብናል።

እኛ የጀመርነው ምንም ወጪ ከማያስከትለው ነበር። ሶኬቱን ነቅለን፣ በሰውነታችን ያለውን ስታቲክ ቻርጅ ለማስወገድ የሣጥኑን ብረት ነክተን፣ አቧራውን ጠርገን ቅባቱን አደስን። ከዚያም 5 ቀናት በሰላም አለፉ። ተማሪዋም ሥራዋን ያለ ስጋት እንድትቀጥል ነገርናት። በ6ኛው ቀን ኮምፒዩተሩ ጠፋ።

በሁለተኛው ዙር ቮልቴጁን ለካን፤ ከተፈቀደው ወሰን አልወጣም። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሣን፤ መቋረጡ ቀጠለ። ቀጥሎ ሜምቴስት86+ የተባለውን ነጻ የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አሠራነው። በመጀመሪያው ዙር ፍተሻ ምንም አልተገኘም፤ በሦስተኛው ግን ስሕተት ታየ። ሁለቱን የራም ካርዶች ለየብቻ ስንፈትን አንዱ ንጹሕ ሲሆን ሌላው በተመሳሳይ አድራሻ ደጋግሞ ተሳሳተ። ብዙ ጊዜ የካርዱ ማገናኛ መቆሸሽም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት ማገናኛውን በላጲስ ቀስ ብለን አጸዳን፤ ለውጥ አልመጣም። ካርዱን ወደ ሌላኛው ማስገቢያ ስናዛውረው ስሕተቱም አብሮት ተዛወረ። ስለዚህ ጥፋቱ የማስገቢያው ሳይሆን የካርዱ መሆኑ ታወቀ።

ጸጥታው ፈውስ ነው ወይስ ዕድል?

የተበላሸውን ካርድ ካወጣን በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ ነበረብን? የ5ቱ ቀን ጸጥታ አንድ ጊዜ አታልሎን ነበርና ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

መቋረጡ በማንኛውም ሰዓት እኩል ሊደርስ እንደሚችልና በአማካይ በየ3 ቀኑ እንደሚከሰት እናስብ። ምንም ሳይጠገን በዕድል ብቻ 3 ቀን በሰላም የማለፉ ዕድል 1 ለ2.718 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም 0.37 ነው። ለ6 ቀን 0.37 በራሱ ተባዝቶ 0.14 ይሆናል፤ ለ9 ቀን አንድ ጊዜ ተጨምሮ ሲባዛ 0.05 ይሆናል። በዚሁ ስሌት ያ ያስደሰተን የ5 ቀን ጸጥታ ያለ ምንም ጥገና ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ሊደርስ የሚችል ነበር።

ከዚህ ለማስታወስ የሚቀል ሕግ እናገኛለን፦ በመቋረጦች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ ሦስት እጥፍ እስኪያልፍ ድረስ «ተጠግኗል» አይባልም። እኛ 9 ቀን ጠበቅን፤ እስከ 30 ቀንም መዝገቡን ቀጠልን። አንድም መቋረጥ አልታየም። ይህ በዕድል ብቻ የመሆኑ ነገር ከ20 ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።

ከመጥፋት የከፋው

ኮምፒዩተሩ ተሻለው። የተማሪዋ ጉዳይ ግን በዚህ አላበቃም። ራም የሚሳሳተው ኮምፒዩተሩን ሲያጠፋ ብቻ ስላልሆነ፣ የተገለበጠው ቢት በፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን በመረጃው ውስጥ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ የተሳሳተውንም ቁጥር እንደ ትክክለኛ አድርጎ ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል።

በመሆኑም የተማሪዋን ፋይል መጀመሪያ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ከተገለበጠው ቅጂ ጋር መስመር በመስመር አስተያየነው። በአንድ ቦታ ላይ 23.4 የነበረው ሙቀት 27.4 ሆኖ ተገኘ። በኮምፒዩተር ጽሑፍ ውስጥ የ3 ቁጥር ኮድ 51 ሲሆን በሁለትዮሽ 0110011 ተብሎ ይጻፋል፤ የ7 ኮድ 55 ሲሆን 0110111 ነው። ልዩነታቸው አንዲት ቢት ብቻ ናት። ለውጡን ያመጣው የራም ካርዱ እንጂ የሰው እጅ አይደለም ብለን በፍጹም ርግጠኝነት መናገር አንችልም። ነገር ግን 27.4 በራሱ የሚያጠራጥር ቁጥር ስላልሆነ ያለ አሮጌው ቅጂ ማንም አያስተውለውም ነበር። ተማሪዋ ከወንዙ ዳር በእርሳስ የጻፈችበትን ደብተር አወጣች፤ 23.4 ይላል። ሌሎቹንም ቁጥሮች በሙሉ ከደብተሩ ጋር አመሳክራ ጥናቷን ከታረመው ፋይል ሠራች።

ስለዚህ ያለ ሰዓቱ የሚጠፋ ኮምፒዩተር ያላችሁ ተማሪዎች፣ መጥፋቱን እንደ መሰናክል ብቻ አትቁጠሩት። መሣሪያው መታመኑን እንድትመረምሩ የሚሰጣችሁ ማስጠንቀቂያም ነው። የመስክ ደብተራችሁንም ቁጥሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል ብላችሁ አትጣሉ።

መልመጃ

1. አንድ ኮምፒዩተር በአማካይ በየ5 ቀኑ ይጠፋል። ከተጠገነ በኋላ 10 ቀን በሰላም ሠራ። ይህ በዕድል ብቻ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው? «ተጠግኗል» ለማለትስ ስንት ቀን መጠበቅ ይገባል?

2. የ1 ቁጥር ኮድ 49፣ በሁለትዮሽም 0110001 ነው። የ0 ኮድ 48 ሲሆን እስከ 9 ድረስ ያሉት ተከታትለው ይሄዳሉ። አንዲት ቢት ብቻ ብትገለበጥ 1 ወደ የትኞቹ አሐዞች ሊለወጥ ይችላል?

መልስ፦ 1) 0.14፤ 15 ቀን። 2) ወደ 0፣ 3፣ 5 እና 9።