በዓሉ አንድ፣ ማዕዱ ልዩ ልዩ
(ስለ ወቅቶች ለማስተማር የሚረዳ ትምህርት)

ዕጩ መምህራን፣ ነገ ክፍል ገብታችሁ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የፈረንጆች ገና የሚከበረው በክረምት ነው ወይስ በበጋ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «በክረምት ነው» ካላችሁት ስለ እንግሊዙ ልጅ መለሳችሁ እንጂ ስለ አውስትራሊያው አልመለሳችሁም። ደግሞም የኛ ልጅ ክረምት ሲባል የሚታየው ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። ስለዚህ መልሱ ትክክል መስሎ ልጁን ያሳስተዋል። በዚህ ጽሑፍ ወቅቶችን በበዓል ምግብ በኩል እንመለከታለን። ልጅ የመሬትን ዛቢያ በዓይኑ አያየውም፤ በበዓል ቀን የሚበላውን ግን አሳምሮ ያውቃል።

1. የወቅቶች መነሻ

ብዙ ሰው ወቅት የሚለዋወጠው መሬት ለፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መሬት ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይበልጥ የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ሲሆን 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ታዲያ ጉዳዩ የርቀት ቢሆን ኖሮ አውሮፓ በታኅሣሥ መሞቅ ነበረባት።

እውነተኛው ምክንያት የመሬት ዛቢያ በ23.5 ዲግሪ ዘንበል ማለቱ ነው። በሰኔ 14 ገደማ ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ፣ በታኅሣሥ 12 ገደማ ደግሞ ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል። በታኅሣሥ 12 ለንደን ከ8 ሰዓት ያነሰ የቀን ብርሃን ስታገኝ ሲድኒ ከ14 ሰዓት በላይ ታገኛለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀናችን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ ወቅቶቻችንን በዋናነት የሚለየው ዝናቡ ነው።

2. ብርድ ያዘጋጀው ማዕድ

የምዕራባውያን ገና ታኅሣሥ 16 ቀን (በነሱ ዲሴምበር 25) ይውላል። በጥንቱ የእንግሊዝ ገጠር በብርዱ ወራት መስኩ ስለሚደርቅ ለከብቱ ሁሉ የሚበቃ መኖ አይኖርም ነበር። ስለዚህ አሳማው ቀደም ብሎ ይታረድና ሥጋው በጨውና በጢስ ይቆያል። ከዛፍ የሚለቀም ፍሬም ስለሌለ ዘቢብና ሌላ የደረቀ ፍሬ ከሞራ፣ ከዱቄትና ከቅመም ጋር ተለውሶ ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል። ይህ ነው የገና ፑዲንግ የሚባለው። ብዙ ቤተሰብ ፑዲንጉን ከበዓሉ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ይሠራዋል፤ ሲቆይ ይጣፍጣላ! ሥጋው ሲጠበስ የሚነደው እሳትም ቤቱን ያሞቃል። እንግዲህ ማዕዱ ከብርዱ ጋር የተስማማ ነው ማለት ነው።

3. ማዕዱ ባሕር ሲሻገር

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 ሲድኒ ላይ ሲሠፍሩ የቀን መቁጠሪያቸውንና የበዓል ልማዳቸውን ይዘው ሄዱ፤ ብርዱን ግን ሊወስዱት አልቻሉም። በሲድኒ የታኅሣሥ የቀን ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን አንዳንድ ቀን ከ35 ያልፋል። እንዲህም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ለረጅም ዘመን በዚያ ሙቀት ምድጃ እያነደደ ጥብሱንና ትኩስ ፑዲንጉን ሲያቀርብ ኖሯል። ልማድ ቶሎ አይለቅማ!

ቀስ በቀስ ግን ወቅቱ አሸነፈ። ዛሬ በአውስትራሊያ ብዙ ቤት የገና ገበታ ላይ የቀዘቀዘ የአሳማ ሥጋ፣ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ ማንጎና ቼሪ ይቀርባል። ጣፋጩም ፓቭሎቫ ነው። ይኸውም የእንቁላል ነጭና ስኳር ተመቶ ከተጋገረ በኋላ በክሬምና በትኩስ ፍራፍሬ የሚሸፈን ሲሆን፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1926 አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ከጎበኘችው ከሩሲያዊቷ ዳንሰኛ ከአና ፓቭሎቫ የተወሰደ ነው። «መጀመሪያ የሠራነው እኛ ነን» እያሉ ሁለቱ አገሮች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

አሮጌው ማዕድ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ከሲድኒ በስተ ምዕራብ ባሉት ብርዳማ ተራሮች አንዳንድ ሰዎች በሐምሌ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ እሳት አንድደው የአያቶቻቸውን ትኩስ ፑዲንግ እየበሉ «የጁላይ ገና» ያከብራሉ። ሆድ የወቅቱን ሲሻ ልብ ደግሞ የአባት ቤትን ይናፍቃል።

በሜልበርን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። እዚያ ገና በሙቀት ወራት ይውላል፤ ዕንቁጣጣሽ ግን ብርዱ አልፎ ዛፉ በሚያብብበት ጊዜ ስለሚደርስ ከአደይ አበባችን ወቅት ጋር ይመሳሰላል።

4. አዲስ ምርት ያገኘ በዓል

በፖርቱጋል የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰኔ 17 ቀን በሙቀት ወራት ይከበራል፤ በፖርቶ ከተማ ሰርዲን ዓሣ በፍም ተጠብሶ ይበላል። ፖርቱጋሎች በዓሉን ወደ ብራዚል ሲወስዱት በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከበቆሎ እሸት ጋር ተገናኘ። ገበሬው በመጋቢት 10 ገደማ የዘራው በቆሎ ለዮሐንስ ይደርስለታል። በካሩዋሩና በካምፒና ግራንዴ ከተሞች እንደ ደመራ ያለ እሳት እየነደደ የተጠበሰና የተቀቀለ በቆሎ ይበላል፤ ተፍቆ በራሱ ልጣጭ ተጠቅልሎ የሚቀቀለውም «ፓሞንያ» ይባላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ኢንቬርኖ» የሚለው ቃል በፖርቱጋል የብርዱ ወቅት ማለት ነው። የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ገበሬ ግን «ኢንቬርኖ» የሚለው የዝናቡን ወቅት ነው፤ ልክ እንደኛ ክረምት!

5. ከወቅቱ የበቀለ በዓል

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ከሌላ ያልመጣ የራሳቸው በዓል አላቸው፤ ማታሪኪ ይባላል። በብርዱ ወራት እኩሌታ ሰባቱ ከዋክብት ንጋት ላይ ዳግም ሲታዩ አዲሱ ዓመት ይገባል። በዚያን ጊዜ እርሻው ሥራ የለውም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የተሰበሰበው ስኳር ድንች ግን በጎተራ አለ። ምግቡ በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይበስላል፤ እንፋሎቱም ለከዋክብቱ እንዲደርስ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ማታሪኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት በዓል ሆኖ የተከበረው እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2022 ነው።

6. ለመምህሩ የሚሆን ማሳሰቢያ

እኛ ያለነው በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ነው፤ ሆኖም የኛ ክረምት የሚገባው ለንደን በምትሞቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ወቅት ስታስተምሩ «ክረምት» እና «በጋ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «የብርድ ወራት»፣ «የሙቀት ወራት»፣ «የዝናብ ወራት» ብላችሁ አስረዱ። ቃሉ ከተምታታ ልጁ ካርታውን ቢሸመድድም ዓለምን አይረዳም።

ለመለማመጃ፦
ሀ/ አንድ ኩራዝ አብርታችሁ፣ ብርቱካን በእንጨት ወግታችሁና እንጨቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ በኩራዙ ዙሪያ አዙሩ። እንጨቱ የተዘነበለበት አቅጣጫ አይለወጥ። ብርሃኑ የሚያይለው የትኛው ወገን ላይ ነው?
ለ/ ተማሪዎች ለቡሄ ሙልሙል፣ ለመስቀል የበቆሎ እሸት ለምን እንደሚቀርብ እናቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ። በየበዓሉ ጎተራው ሙሉ ነው ወይስ የሳሳ?
ሐ/ በሲድኒ የፋሲካ በዓል ሲከበር ብርዱ እየመጣ ነው ወይስ እየሄደ? ምክንያቱን አስረዱ።