አምባሰልን በአንድ ክራር መስማት

ብቸኛ የጊታር ኮንሰርት ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ጊታሩን ይዞ ይቀመጥና ሉዊስ ሚላን በ1536 እ.ኤ.አ. ለቪሁኤላ ካሳተመው መጽሐፍ ይጀምራል፤ ባኽንና ታሬጋን ያስከትላል፤ በመጨረሻም ቪላ ሎቦስ በ1940 እ.ኤ.አ. የደረሳቸውን ፕሬሉዶች ይጫወታል። አራት መቶ ዓመት በአንድ ምሽት ያልፋል፤ የጊታሩ ቅኝት ግን አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አውታር ከመላላቱ በቀር ያው ነው።

የክራር ነገር ሌላ ነው። ክራር አንገት የለውምና ግራ እጅ አውታሩን ተጭኖ የሚያሳጥርበት ቦታ አያገኝም፤ ከበስተኋላ ሆኖ ይነካል፣ ወይም የማይፈለገውን ድምፅ ያፍናል። ስለዚህ ባለ ስድስት አውታር ክራር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ልዩ ልዩ ድምፅ ይይዛል፤ ስድስተኛው የአንደኛው እጥፍ ነው። ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር እንደገና መቃኘት አለበት። ጊታረኛው ዘመን ሲለውጥ ክራረኛው ቅኝት ይለውጣል ማለት ነው።

ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ስም አላቸው፤ ባቲ የታወቀው የገበያ ከተማ ነው፤ አምባሰልም ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲሄዱ የሚገኘው ተራራማ አገር ነው። አሁን ጆሮን የሚፈትን ነገር ላሳያችሁ። የትዝታ ማይነር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ ናቸው። እነዚሁን አምስቱን ሳትነኩ ዜማውን ዶ ላይ ማሳረፍ ትታችሁ ሶል ላይ አሳርፉት። አምባሰል ሆነ! ድምፆቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ማረፊያው ነው። ስለዚህ አምባሰልን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ዜማው የት እንደሚያርፍ ነው።

ይህንኑ በጊታር መሞከር ይቻላል፤ ሆኖም የጊታር ፍሬት የድምፆቹን ርቀት አስቀድሞ ወስኖታል፤ ክራረኛ ግን በጆሮው ይቃኛል።

ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ክራርና ድምፃቸውን ብቻ ይዘው አድማጭን አስቀምጠው ነበር። በእኛ በዓላት ግን ክራረኛ በሁለት ንግግር መካከል አንድ ዘፈን ተሰጥቶት ይወርዳል፤ በዚህ ዓይነት ማንም ቅኝት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። አንድ ሙሉ ሰዓት ይሰጠው። ፕሮግራሙን የሚያወጣውም ሰው ትዝታ ማይነርንና አምባሰልን አጎራብቶ ያስቀምጣቸው፤ በሁለቱ መካከልም ጭብጨባ አይኑር።