ትልልቅ የልደት ምልክቶችና የነርቭ ሥርዓት

ሕፃን ሲወለድ በገላው ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ምልክት ቢታይ፣ ሕዝባችን «ማርያም የሳመችው» ይለዋል። እንዲህ ያለው ምልክት ከመቶ ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚታይ ሲሆን፣ በአብዛኛው ትንሽና ጉዳት የሌለው ነው። አልፎ አልፎ ግን ምልክቱ ጀርባንና መቀመጫን የሚሸፍን፣ ፀጉር የሚበቅልበትና በርካታ ትንንሽ ምልክቶች የተበተኑበት ሆኖ ይገኛል። በዚህን ጊዜ ሐኪሞች ከቆዳው አልፈው የሕፃኑን አንጎል መመርመር ይሻሉ። ለመሆኑ ቆዳንና አንጎልን ምን አገናኛቸው? በዚህ ጽሑፍ ይህንን እንመለከታለን።

ትልቅ የሚባለው የትኛው ነው?

ምልክቱ ከገላ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ መጠኑ የሚወሰነው ሕፃኑ አዋቂ ሲሆን ይደርሳል ተብሎ በሚገመተው ስፋት ነው። ከ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው «ትልቅ»፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ደግሞ «ግዙፍ» ይባላል። ትልቁ ከ20,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ እንደሚከሰት ይገመታል።

የቆዳ ቀለምና የነርቭ ዝምድና

ጽንሱ ገና የአራት ሳምንት ገደማ ሳለ፣ ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ይፈጠራል። ከቱቦው ጠርዝ «ኒውራል ክሬስት» የሚባሉ ሕዋሳት ተነሥተው ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ይጓዛሉ። ከእነዚህ ከፊሎቹ ቆዳ ውስጥ ገብተው ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩ ሜላኖሳይት ሕዋሳት ይሆናሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በሚሸፍኑት ስስ ሽፋኖች ላይ ይሰፍራሉ። ስለዚህ በጤናማ ሰው አንጎል ሽፋን ላይም ጥቂት ሜላኖሳይቶች መኖራቸው የተፈጥሮ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመነሻ ሕዋሳቱ በአንዱ ላይ የዘረ መል ለውጥ ሲደርስ ነው። በአብዛኛው የሚለወጠው ሕዋስ እንዲባዛ ትእዛዝ በማስተላለፍ የሚሳተፈው «ኤንራስ» የተባለ ዘረ መል ነው። ሲለወጥ ትእዛዙ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በአንድ ሕፃን ቆዳና አንጎል ውስጥ ያለው ለውጥ አንድ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። ለውጡ የሚደርሰው ከፅንሰት በኋላ በመሆኑ ከወላጆች የተወረሰ አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ ወቅት በበላችው ወይም ባየችው ነገርም አይመጣም።

የበሽታው ጠባይ

የሁለቱን ግንኙነት አስቀድሞ የገለጸው ካርል ሮኪታንስኪ የተባለው ሐኪም ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1861 ነበር። የበዙት ሜላኖሳይቶች የአንጎልን ፈሳሽ መተላለፊያ ሲዘጉ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ የሕፃኑ ራስ ከልክ በላይ ያድጋል፣ ትውከትና ድብታ ይከተላሉ። በአንጎል ውስጥ ሲገኙ ደግሞ የሚጥል በሽታ ወይም የዕድገት መዘግየት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት ይታያሉ። በተለይ ሕዋሳቱ ወደ ካንሰር ከተለወጡ በሽታው እጅግ አስጊ ነው። ሆኖም በምስል ሜላኖሳይት የታየበት ሕፃን ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ያለ ሕመም ያድጋሉ።

ጊዜ የማይሰጠው ምርመራ

ሜላኒን በኤም አር አይ ምስል ላይ ደምቆ ይታያል። ነገር ግን ሕፃኑ ሲያድግ የነርቭ ገመዶች ማይሊን በተባለ ቅባታማ ልባስ ስለሚሸፈኑ፣ ይኸው ልባስ በምስሉ ላይ ሜላኒንን ይጋርዳል። ስለሆነም ምርመራው ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ከሁሉ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ሲወለዱ ከአንድ በላይ ምልክት ያላቸው ሕፃናት ናቸው።

በአገራችን ኤም አር አይ በአብዛኛው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች በመሆኑ፣ ሪፈራሉ በጊዜ መጻፍ ይኖርበታል። እስከዚያው የራስን ዙሪያ በሜትር እየለኩ መመዝገብ በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚቻል፣ የፈሳሽ መጠራቀምን ቀድሞ የሚጠቁም ቀላል ዘዴ ነው።

ሕክምናስ?

የተጠራቀመው ፈሳሽ በቀዶ ሕክምና በሚገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ እንዲፈስ ይደረጋል፤ የሚጥል በሽታም በመድኃኒት ይታገዛል። የቆዳውን ምልክት በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ግን በአንጎል ያለውን አይለውጠውም።

እንግዲህ ትልቅ የልደት ምልክት የሚሸሸግ ነውር ሳይሆን በጊዜ መታየት ያለበት መልእክት ነው። ሕፃኑን በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሐኪም ማሳየት ይገባል እንላለን።