ከባሕር የመጣ ዓሣ ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት



በመጸው ወራት ሰርዲንንና የመሳሰሉት ትንንሽ ዓሦች በመንጋ ሆነው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይጠጋሉ። እነርሱን እያሳደዱ ፓላሚዳና ሌሎች ትልልቅ ዓሦች ይከተላሉ። በዚህ ወቅት በአሽዶድና በፓልማኺም ዳርቻ መንጠቆ የያዘ ሰው ይበዛል። ከጋን ያቭኔ፣ ከያቭኔ፣ ከገዴራና ከቂርያት መላኺም ዓሣ ሊያጠምድ የሚወርድ አለ። የተያዘውም ዓሣ ማታ በላስቲክ ከረጢት ሆኖ ለእናት ይሰጣል።

ከጎንደር አካባቢ የመጣን ሰዎች የምናውቀው የጣናንና የወንዞችን ዓሣ ነው። ቆሮሶ ይበላል፤ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ሕግ አይፈቀድም። የጨው ባሕር ዓሣ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እሳትም ሆነ በርበሬ የማያጠፋው መርዝ አለና። ስለዚህ ወጥ የምትሠራ እናት ዓሣውን ከመቀበሏ በፊት ሁለት ነገር ትጠይቅ።

1. ቅርፊት አለው ወይ?

በዕብራይስጥ ነፉኺት፣ በአጥማጆች ቋንቋ አቡ ናፍኻ የሚባል ዓሣ አለ። የመጣው በ1869 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በተከፈተው በሱዌዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር ነው። በሜድትራንያን መጀመሪያ የታየው በ2003 በቱርክ ዳርቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በእስራኤል ዳርቻም ተስፋፍቷል። ጀርባው ነጠብጣብ አለው፤ ጎኑ ላይ እንደ ብር የሚያበራ መስመር ይታያል፤ ሆዱ ነጭ ነው። ሲያዝ እንደ ፊኛ ይነፋል። ጥርሶቹ እንደ ወፍ መንቁር ጠንካራ ስለሆኑ ጣት ሊቆርጡ ይችላሉ። ሰርዲን በተሰካበት መንጠቆ እርሱም ይያዛል።

መርዙ ቴትሮዶቶክሲን ይባላል። በጉበቱ፣ በዕንቁላሉና በቆዳው ብቻ ሳይሆን በሥጋውም ይገኛል። ስለዚህ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ማጠብ አያድንም፤ ለረጅም ሰዓት መቀቀልም አያጠፋውም። በእስራኤል ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት 13 ሰዎች ይህን ዓሣ በልተው ተመርዘው ሕክምና አግኝተዋል። ዓሣውን መሸጥም የተከለከለ ነው።

ነፉኺት እንደሌሎች ዓሦች ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተሰጠው የክንፍና የቅርፊት ምልክት ከዚህ መርዝ ይጠብቀናል ማለት ነው። እንደ ፓላሚዳ ያሉት ግን ቅርፊታቸው በጣም ትንሽ ስለሆነ አዋቂ ይጠየቅ። ቆዳው ተገፎ፣ ተቆራርጦ የመጣ ዓሣ ከማን እንደተገኘ ካልታወቀ አትቀበሉ።

2. በበረዶ ነው የመጣው ወይ?

ፓላሚዳ፣ ቱናና ሰርዲን የሚበሉ ዓሦች ናቸው። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ከዋሉ ባክቴሪያ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጥራል። ይህም በመጥበስ፣ በመቀቀል፣ በጨው ወይም በማቀዝቀዝ አይጠፋም። ዓሣው ሳይሸትና መልኩ ሳይለወጥም ሊኖር ይችላል። የበላው ሰው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ፊቱ ይቀላል፤ ራሱን ያመዋል፤ ሰውነቱን ያሳክከዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ሊያስቀምጠውም ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው በረዶ የሞላበት ማቀዝቀዣ ሣጥን ይያዝ። ዓሣው እንደተያዘ በረዶ ውስጥ ይግባ፤ ቤት ሲደርስም ከ4 ዲግሪ በታች በሆነ ፍሪጅ ይቀመጥ። ያለ በረዶ ብዙ ሰዓት የዋለ ዓሣ ይጣል። መጣሉ ቢያሳዝንም ሕመሙ ይብሳል።

ስለ እሾህ

ሲካን የሚባለው ዓሣ ቅርፊት አለው፤ ይበላልም፤ ሆኖም የክንፉ እሾህ መርዝ አለው። ጢም ያለውና በጎኑ መስመር የተሰመረበት የባሕር አምባዛም እንዲሁ ይወጋል፤ ሞቶ እንኳ እሾሁ ይጎዳል። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ እሾሁን በመቀስ ቁረጡ። የተወጋ ሰው ቁስሉን ሙቅ፣ ግን የማያቃጥል (ከ45 ዲግሪ ያልበለጠ) ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከረው። የውኃውን ሙቀት ባልተወጋው እጅ ይሞክር። ከዚያም ወደ ሐኪም ይሂድ።

መቼ እርዳታ እንጥራ?

ዓሣ የበላ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ካስመለሰው፣ እግሩ ከከዳው ወይም መተንፈስ ካቃተው ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። እስኪነጋ አትጠብቁ። ለነፉኺት መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሞች ግን መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ ሰውየው እንዲተነፍስ ይረዱታል። መናገር ቢያቅተው እንኳ ሊሰማችሁ ስለሚችል አጽናኑት። የዓሣውን ትርፍ ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ለምክር በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል የሚገኘው የመርዝ መረጃ ማዕከል ሌት ተቀን በ04-7771900 ይመልሳል።

በቤተሰብ ተወያዩባቸው

1. ሆድ ዕቃውን ማውጣት ነፉኺትን ለመብላት የማያበቃው ለምንድን ነው?
2. የሚበላ ዓሣ እንዴት ሊመርዝ ይችላል?
3. ልጆቻችን የ101ን ቁጥርና የቤታቸውን አድራሻ በዕብራይስጥ መናገር ይችላሉ? ወላጆችስ?