እሳት የሌለው ሙቀት እንዴት ይለካል?

እህል በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ ቢገባ ምን እንደሚሆን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ እጃችንን ወደ መሃሉ ብንሰድ ሙቀት ይሰማናል። እሳት አልነደደም፤ ፀሐይም አልነካውም። ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን እርጥቡን እህል እየበሉ ሲባዙ የሚፈጥሩት ነው። ሙቀት ያለ ምንጭ አይመጣም። ምንጩ ግን ሳይታየን ሊቀር ይችላል።

በዚህ ትምህርት የምናነሣው በሩቅ አገር የሆነ፣ ነገር ግን ጥያቄው ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ነው። በአሜሪካ አገር፣ ዩታ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ከተማ መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1989 መሆኑ ነው) ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጋዜጠኞችን ሰብስበው አንድ ወሬ ነገሩ። ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ አነስተኛ ዕቃ ውስጥ፣ ካስገቡት ኤሌክትሪክ የበለጠ ሙቀት እንዳገኙ ተናገሩ። ይህ ትርፍ ሙቀት የሚመጣውም ፀሐይን ከሚያሞቀው ኃይል ነው አሉ። ወሬው በጥቂት ቀን ዓለምን አዳረሰ። እውነት ቢሆን ኖሮ እኮ የማገዶና የነዳጅ ችግር ተረት ሆኖ ይቀር ነበር!

ፀሐይ የምትሞቀው እንጨት ወይም ከሰል ስለምታነድ አይደለም። በፀሐይ መሃል ሃይድሮጅን የሚባለው ከሁሉ የቀለለ ነገር አለ። የሃይድሮጅን ቅንጣቶች እየተጋጩ ይዋሐዳሉ፤ ሲዋሐዱም ብዙ ሙቀት ይለቃሉ። ነገር ግን ቅንጣቶቹ መጠጋጋት አይወዱም፤ ይገፋፋሉ። ግፊቱን አሸንፎ የሚያገናኛቸው የፀሐይ መሃል ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው። ውሃ እንኳ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በደጋ አገርማ ከዚያም ባነሰ። ሁለቱ ሊቃውንት ግን ውሕደቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሆነ አሉ። ስለዚህ “ቀዝቃዛ ውሕደት” የሚል ስም ወጣለት።

ዕቃው ሲታይ የሚያስፈራ አይደለም። እንደ ረጅም ብርጭቆ ያለ ነው። ውስጡ “ከባድ ውሃ” ይጨመርበታል። ከባድ ውሃ መልኩ እንደ ማንኛውም ውሃ ነው፤ ነገር ግን ሃይድሮጅኑ ከተራው ሃይድሮጅን ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስሙም ዲዩቴሪየም ይባላል። አንድ ሊትር ከባድ ውሃ ቢመዘን 1 ኪሎ ከ100 ግራም ያህል ይሆናል። በዚህ ውሃ ውስጥ ሁለት ብረቶች ይነከራሉ። አንደኛው ፓላዲየም፣ ሁለተኛው የፕላቲኒየም ሽቦ ነው፤ ሁለቱም እንደ ወርቅ ውድ ናቸው። በብረቶቹ በኩል ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ውሃው ይከፈላል። በፕላቲኒየሙ በኩል ኦክስጅን አረፋ እየሠራ ይወጣል። ከባዱ ሃይድሮጅን ደግሞ ወደ ፓላዲየሙ ይሄዳል።

የፓላዲየም ጠባይ ያስደንቃል። በበጋ የተሰነጣጠቀ መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ እንደሚመጥ ሁሉ፣ ፓላዲየምም ሃይድሮጅንን ይመጣል። ከራሱ መጠን 900 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ጋዝ ይውጣል። ሊቃውንቱ ተስፋ ያደረጉት በዚህ ነበር። ጋዙ በብረቱ ውስጥ እጅግ ሲጨናነቅ ቅንጣቶቹ ተገደው ይዋሐዳሉ ብለው አሰቡ።

እዚህ ላይ ግን ችግር አለ። ፓላዲየም ጋዝ ሲውጥ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል ጋዙ ተመልሶ ይሾልካል። ብረቱን ለመሙላት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ከአንድ ነጋዴ የተገዙ ሁለት ዘንጎች እንኳ አንድ ዓይነት ጠባይ አያሳዩም። ኤሌክትሪኩ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ውሃው ከጎደለ፣ የክፍሉ አየር ከተለወጠ፣ የዕቃው ሙቀት ይለወጣል። ለዚህም ነው ዕቃው በሌላ ሰፊ የውሃ መያዣ ውስጥ የሚነከረው። የውጭው ውሃ ሙቀት ቀንና ሌሊት ሳይለዋወጥ ይጠበቃል። የጎደለው ከባድ ውሃም እየታየ ይሞላል። ሥራው እረኝነት ነው ማለት ይቻላል፤ ዓይን ከላዩ አይነሣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ትርፍ ሙቀት መኖሩ በምን ይታወቃል? አንድ ሰው ጎተራው 5 ቁና ጤፍ አስገብቶ 6 ቁና አወጣሁ ቢለን፣ ተአምር ነው ከማለታችን በፊት አሰፋፈሩን እንጠይቀዋለን። ሲያስገባ በቁልል፣ ሲያወጣ በልኩ ሰፍሮ እንደሆነስ? ከጎን ሌላ ሰው ጨምሮበትስ እንደሆነ? የሙቀት ሒሳብም እንደዚሁ ነው።

እንበል፣ ወደ ዕቃው 10 እጅ ኤሌክትሪክ ገባ። ከዚህ ውስጥ 3 እጁ ውሃውን በመክፈል ላይ ዋለ። ጋዙም ይህን 3 እጅ ይዞ ከዕቃው ወጣ። ስለዚህ በዕቃው ውስጥ የሚቀረው ሙቀት 7 እጅ መሆን አለበት። 10 እጅ ቢገኝ 3ቱ ትርፍ ነው ማለት ነው? ቆይ! ምናልባት ሁለቱ ጋዞች ሳይወጡ እዚያው ውስጥ ተገናኝተው ተመልሰው ውሃ ሆነው ይሆናል። እነሱ ሲገናኙ የወሰዱትን 3 እጅ ይመልሳሉ። ሒሳብ ያዡ ወጥቷል ብሎ የቀነሰው ሳይወጣ ቀርቷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ትርፉ ከወረቀት ላይ እንጂ ከዕቃው አልመጣም።

ሁለተኛው ነገር ማማሰል ነው። ገንፎ የምታገነፋ ሴት ማማሰያዋን ለምን አታስቀምጥም? ከሥሩ እያረረ ከላዩ ጥሬ እንዳይሆን ነው። በኩሬ የዋኘ ሰውም ያውቃል፤ ላዩ ሞቅ ብሎ እግር የሚደርስበት ይቀዘቅዛል። በካሊፎርኒያ የሚሠራ ናታን ሉዊስ የተባለ ኬሚስት በዚያው በ1981 ዓ.ም. ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር። ውሃው ካልተማሰለ ቴርሞሜትሩ የሚነግረን የቆመበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው አለ። እሱና ጓደኞቹ ዕቃውን ሠርተው፣ እያማሰሉ ሲለኩ ትርፍ አላገኙም። ፖንስና ፍላይሽማን በበኩላቸው አረፋው ራሱ ውሃውን ያማስለዋል ብለው ተከራከሩ። ቀይ ቀለም ጠብ አድርገው ፈጥኖ ሲበተንም በፊልም አሳዩ። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ነገሩን ግን አልዘጋውም።

ማዳበሪያ የሰብሉን ምርት መጨመሩን ለማወቅ ማዳበሪያ ያገኘውንና ያላገኘውን መሬት ጎን ለጎን እናያለን። እንግዲህ አንዱን ዕቃ በከባድ ውሃ፣ ሌላውን በተራ ውሃ ሞልቶ ማወዳደር ይገባ ነበር። በመጀመሪያ ባሳተሙት ጽሑፍ ግን ይህ ንጽጽር አልነበረም። ብዙ ሊቃውንት ያዘኑት በዚህ ነው፤ እኛም እውነት አላቸው እንላለን።

ሌላም ምስክር ጎደለ። እንዲህ ያለ ውሕደት ሲሆን ኒውትሮን የሚባሉ፣ ሰውነት የሚጎዱ ቅንጣቶች ይረጫሉ። የተባለው ሙቀት በታወቀው መንገድ ከውሕደት ቢመጣ ኖሮ በአጠገቡ የቆሙት ሰዎች በሕይወት ባልተረፉ ነበር። እነሱ ግን ጤነኞች ነበሩ። ጆርጂያ ቴክ በሚባል ትምህርት ቤት ያሉ ተመራማሪዎች ኒውትሮን አገኘን ብለው በሚያዝያ ወር አስታወቁ። በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ቃላቸውን መልሰው አነሡ። መቁጠሪያቸው ኒውትሮን ባይኖርም ሙቀት ሲነካው የሚቆጥር ሆኖ አገኙት። ስሕተታቸውን ፈጥነው መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ዕቃው ጉዳት የሌለው እንዳይመስለን። ፍላይሽማንና ፖንስ ቀደም ሲል ከዕቃዎቻቸው አንዱ ፓላዲየሙ ቀልጦ፣ ዕቃው ከነመደርደሪያው ክፍል እንደወደመባቸው ጽፈዋል። ፓላዲየም የሚቀልጠው በ1,555 ዲግሪ ገደማ ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በአንድነት ተከማችተው ብልጭታ ካገኙ እንደ ባሩድ ይፈነዳሉ። በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ በሚገኝ የምርምር ተቋም እንዲህ ያለ የተዘጋ ዕቃ ፈንድቶ አንድ ተመራማሪ ገደለ፤ ሌሎችንም አቆሰለ። ለመግደል የፀሐይ ኃይል አላስፈለገም፤ የታፈነ ጋዝ በቂ ነበር።

የዩታ ክፍለ ግዛት ለዚህ ምርምር 5 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር። በነሐሴ 1981 ዓ.ም. የተከፈተው ተቋም በሰኔ 1983 ተዘጋ። የአሜሪካ መንግሥት ያቆማቸው መርማሪዎችም በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሚያሳምን ማስረጃ የለም ብለው ጻፉ። አንዳንዶች ግን ሥራውን አልተዉትም። ማይክል መኩብሬ የተባለ ተመራማሪ በዕቃው ዙሪያ ውሃ እያፈሰሰ፣ ሲገባና ሲወጣ ያለውን ሙቀት ይለካ ነበር። ይህ ዘዴ ቴርሞሜትርን አንድ ቦታ ላይ ከማቆም ይሻላል፤ የዕቃው ሙቀት በሙሉ ማለት ይቻላል በሚፈሰው ውሃ ውስጥ ይሰበሰባልና። እሱም ብረቱ በጋዝ እጅግ ሲሞላ አልፎ አልፎ ትርፍ አየሁ ብሏል። ነገር ግን በተፈለገ ጊዜ የሚደገም አልሆነም።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 30 ያህል ተመራማሪዎች ጉግል በተባለ ኩባንያ ገንዘብ ነገሩን እንደገና ሞከሩት። እጅግ ጠንቃቃ የሆኑ የሙቀት መለኪያዎች ሠሩ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ውጤታቸውን ሲያሳትሙ ትርፍ ሙቀት እንዳላገኙ ገለጹ። ፓላዲየሙን በጋዝ እስከ አፉ መሙላት ግን እነሱንም በጣም እንዳስቸገራቸው አልሸሸጉም።