ጠባቡ ሐዲድና የኤሌክትሪክ ባቡር አጀማመር

በባቡር ምሕንድስና በቅድሚያ ከሚወሰኑት ጉዳዮች አንዱ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የሚኖረው ርቀት ነው። መደበኛ ተብሎ የሚታወቀው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ የሚያንሰው ጠባብ ሐዲድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር መስመርም ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር ከጠባቦቹ ወገን ይመደባል። በዚህ ጽሑፍ በበርሊን የተዘረጉ ሁለት ጠባብ መስመሮችን መነሻ አድርገን፣ የኤሌክትሪክ ባቡር ኃይሉን ከእግር በታች መቀበል ትቶ ከራስ በላይ ከተዘረጋ ሽቦ መቀበል የጀመረበትን ምክንያት እንመለከታለን።

የጠባብነት ጥቅም

የባቡር መንኮራኩሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ዘንግ ላይ ስለተጣበቁ እኩል ይዞራሉ። በመታጠፊያ ላይ ግን የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው ይረዝማል። ባቡሩ ሙሉ ክብ ቢዞር የርዝመቱ ልዩነት 2 × ፓይ × የሐዲዱ ስፋት ይሆናል። ይህም በመደበኛው ሐዲድ 9 ሜትር፣ በ1 ሜትሩ ደግሞ 6.3 ሜትር ገደማ ነው። የክቡ ራዲየስ በስሌቱ ውስጥ እንደማይገባ ልብ እንበል። በጠባብ መታጠፊያ ይኸው ልዩነት በአጭር ርቀት ላይ ስለሚያርፍ ፍትጊያው ይበረታል። ስለዚህ መታጠፊያ ለሚበዛበት የሰፈር መስመር ጠባቡ ሐዲድ የተሻለ ይስማማል፤ ወጪውም ያንሳል።

ከኤግዚቢሽን ወደ ሰፈር

ቨርነር ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1879 በበርሊን ኤግዚቢሽን ላይ ስፋቱ 490 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 300 ሜትር የሆነ ክብ መስመር አሳየ። በአራት ወራት ውስጥ ከ80,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሳፈሩበት። እ.ኤ.አ. በ1881 ደግሞ በበርሊን አጠገብ በሊሽተርፌልደ፣ 1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ የሕዝብ መጓጓዣ ሥራ ጀመረ። በዚህ መስመር አንዱ ሐዲድ ፍሰቱን ሲያመጣ ሌላው ይመልሰው ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ቮልቴጅ 180 ነበር። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም፣ ሁለቱን ሐዲዶች በአንድ ጊዜ የረገጠ ሁሉ የፍሰቱ መተላለፊያ ይሆናል። ሰኮናቸው በብረት የተጫማ ፈረሶች በተለይ ይጠቁ ነበር።

ቮልቴጁን መቀነስ መፍትሔ ነውን?

ማግነስ ቮልክ እ.ኤ.አ. በ1883 በእንግሊዝ አገር በብራይተን 610 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን መስመሩን በ50 ቮልት ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ኃይል የቮልቴጅና የፍሰት ብዜት በመሆኑ፣ ቮልቴጅ ሲቀንስ ፍሰት መጨመር አለበት፤ በመስመሩ ላይ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ከፍሰቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ለምሳሌ የመስመሩ ሬዚስታንስ 0.5 ኦም ነው እንበልና፣ ባቡሩ ዘንድ 3,600 ዋት እናድርስ፦

በ50 ቮልት፦ ፍሰቱ 72 አምፔር፣ ብክነቱ 2,592 ዋት።
በ180 ቮልት፦ ፍሰቱ 20 አምፔር፣ ብክነቱ 200 ዋት።
በ750 ቮልት፦ ፍሰቱ 4.8 አምፔር፣ ብክነቱ 12 ዋት ገደማ።

እንግዲህ ለእግረኛው የሚበጀው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ርቀትን ይከለክላል፤ ለርቀት የሚበጀው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ እግረኛውን ይገድላል። ሁለቱን ያስታረቀው መፍትሔ ከፍተኛውን ቮልቴጅ እጅና እግር ከማይደርስበት ሽቦ ላይ ሰቅሎ፣ ሐዲዱን ለመመለሻ ብቻ መተው ነው። የሊሽተርፌልደው መስመርም ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመደበኛ ሐዲድ ላይ ቢሄድም፣ 750 ቮልቱን የሚቀበለው በዚሁ መርሕ ከላይኛው ሽቦ ነው።

አንባቢያን ሬዚስታንሱ 1 ኦም ቢሆን በ50 ቮልት የሚባክነው ኃይል ባቡሩ ከሚጠቀምበት ይበልጥ እንደሆነ ራሳቸው አስልተው እንዲያረጋግጡ እንጋብዛለን።